እናታችንን ለክረምቱ ድሬዳዋ እንውሰዳቸው ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ከተማ ከእናታችን ጋር ነው። እናታችን 68 ዓመታቸው ሲሆን የጉልበት ሕመም አለባቸው፤ ለደም ግፊትም በየዕለቱ መድኃኒት ይወስዳሉ። ብርድ በገባ ቁጥር፣ ይልቁንም ሌሊት ሌሊት፣ ጉልበታቸውን እየቆረጠማቸው እንቅልፍ ያጣሉ። ታላቅ እኅቴ አግብታ ድሬዳዋ ትኖራለች፤ «ሐምሌንና ነሐሴን እኔ ዘንድ ይክረሙ፣ ሙቀቱ ይሻላቸዋል» እያለች በስልክ ትወተውተናለች። መተማ የሚኖረው አጎታችን ደግሞ «ከድሬዳዋ እኔ አልቀርብም ወይ?» ይላል። እናታችን ግን «በስተርጅና ቆላ ወርጄ ንዳድ ይዞኝ በሰው አገር ልቅር?» ብለው እንቢ አሉ። እኛ ልጆቻቸውም በሐሳብ ተከፋፈልን። ምን ትመክሩናላችሁ?

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር

መልስ፦ የእኅትዎ ግብዣ መልካም ነው፤ የመረጠችው ወር ግን ለእናትዎ አይስማማም። እኛ ጎንደሬዎች ብርድ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የሐምሌና የነሐሴ ጭጋግ፣ የማይደርቅ ልብስና የረጠበ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሙቀት ፍለጋ መሄድም በክረምት ብቻ ይመስለናል። ድሬዳዋ ግን ከግንቦት ጀምሮ እስከ ክረምቱ አጋማሽ ድረስ ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስባት ከተማ ናት። ከጎንደር ቅዝቃዜ ተነሥተው በአንድ ቀን እዚያ ሙቀት ውስጥ የሚገቡ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናት በዕረፍት ፈንታ ሕመም ሊገጥማቸው ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ሲሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ የሁለቱን ከተሞች ልዩነት የሚፈጥረው በዋናነት ይህ የከፍታ ልዩነት ነው።

ደግሞም እርስዎ ራስዎ «ይልቁንም ሌሊት» ብለዋል። የሌሊቱ ብርድ በአገራችን የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚይዝላት ስለማይኖር ንጋት ላይ ውርጩ ይጠናል። በእነዚሁ ወራት ድሬዳዋ ቀን ወደ 28፣ ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ትሆናለች፤ ለአረጋዊ ሰው ከዚህ የተሻለ አየር አላውቅም። ሙቀት የጉልበትን ሕመም ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒትና እንቅስቃሴ እዚያም ሊቋረጥ አይገባም።

ክረምቱን እንዲተዉት የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ውስጥ ቺኩንጉንያ የተባለ፣ በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ተነሥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አሞ ነበር። የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ከትኩሳቱ ጋር የሚመጣው ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ለሳምንታት፣ በአንዳንዱ ሰው ላይ ለወራት ይቆያል። ቀድሞውኑ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ እናትዎ ፍርሃት ልመለስ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ልጆች ይህን ፍርሃት «የድሮ ሰው ወሬ» ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ። እናትዎ በተወለዱበት ዘመን አካባቢ፣ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መኸር፣ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደያዘና ወደ 150,000 የሚሆኑትን እንደገደለ ይገመታል፤ ደጋ እስከሚባለው አገር ድረስም ወጥቶ ነበር። ከዚያ ዘመን ወላጆች «ቆላ አትውረድ» የሚለውን ቃል የሰማ ልጅ ምክሩን ከእውነተኛ ሐዘን ነው የተቀበለው። ሥጋቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተወገደም። በቆላ አገር ወባ የሚበዛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲሆን፣ በታኅሣሥ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ድሬዳዋ ግን በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወራት የወባ ወረርሽኝ ገጥሟታል፤ ምክንያቱም አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና በውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም። በጎንደር ከተማ የኖረ ሰው ደግሞ ከወባ ጋር እምብዛም ስላልተላመደ በሽታው ሊበረታበት ይችላል።

ስለዚህ እናትዎን «ምንም የለም» ብለው አያባብሏቸው፤ «አለ፤ ይህንን ይህንን አድርገናል» ይበሏቸው። እኅትዎ እናቷ ከመድረሳቸው በፊት በኬሚካል የተነከረ አጎበር በአልጋቸው ላይ ትስቀል፤ በግቢዋ ያለውን የውኃ በርሜል ሁሉ በጥብቅ ትክደን፣ የማይከደነውን በየሳምንቱ ገልብጣ ትጠብ። ቺኩንጉንያንና ደንጌ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው ቀን ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም የሚሉትም አጎበር ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን ከተመለሱ በኋላ ያለው ጊዜ ይታሰብበት። የእኔው እናት ከቆላ በተመለሱ በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ሲይዛቸው፣ እኛ ቤተሰቦቻቸው «የመንገድ ጉንፋን ነው» ብለን አራት ቀን አዘገየናቸው፤ ሲመረመሩ ወባ ሆኖ ተገኘ። ዳኑ፤ ያን አራት ቀን ግን ዛሬም አልረሳውም። ወባ ከተነደፉ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ፣ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከወራትም በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፣ እናትዎ ትኩሳት ከያዛቸው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸውና «ድሬዳዋ ከርመው ነው የመጡት» ብለው ሳይጠየቁ ይናገሩ።

የደም ግፊቱን ነገር ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድመው ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሰውነታቸው ውኃ ቶሎ ይቀንሳል፣ ከተቀመጡበት ሲነሡም ሊያዞራቸው ይችላል። መጠኑን የሚለውጠው ሐኪሙ ብቻ ነው፤ «እዚህ ደኅና ነኝ» ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙት አደራ። በዕድሜ የገፋ ሰው ውኃ ጥሙ ስለሚቀንስ ባይጠማቸውም እንዲጠጡ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ቡናውም ጠላውም ውኃውን አይተካም። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጉዞው ወደ ኅዳር መጨረሻ ሆኖ በጾመ ነቢያት የሚውል ስለሆነ፣ እናትዎ እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ከሆነ፣ በጎንደር የለመዱት ጾም በድሬዳዋ ሙቀት ይከብዳቸዋል። ይህን ልጅ ለእናቱ አይፈርድም፤ ከመነሣታቸው በፊት ነፍስ አባታቸውን እንዲያማክሩ ያድርጉ።

የአጎትዎን ግብዣ በአክብሮት ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። መተማ ከድሬዳዋም ዝቅ ያለ፣ የበለጠ ሞቃት አገር ነው፤ በዚያ በኩል ከወባው ሌላ ካላዛር የተባለ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ ከባድ በሽታ አለ። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትገኛለች፤ ከደጋው ለአጨዳና ለአረም ወደዚያ ወርደው ታመው የሚመለሱ ስንት ወገኖቻችን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንደታከሙ ጎንደር ያለ ሰው ያውቀዋል። አጎትዎ በእነዚህ ወራት ወደ ጎንደር ቢመጡ የተሻለ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ አቅማችሁ ከፈቀደ ከአዘዞ በአውሮፕላን ይሂዱ፤ ወደ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋም እንዲሁ ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዘጋጅላቸው ይጠይቁ፤ እናትዎ ቢያፍሩም ለጉልበታቸው ይጠቅማል። በአውቶቡስ ከሆነ ግን እስከ አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ በየማረፊያው ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ። የመንገዱን ሰላምም በዚያው ሳምንት ከተጓዙ ሰዎች ይጠይቁ። መድኃኒታቸው ለቆይታቸው ሁሉ የሚበቃ ይሁን፤ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ እንጂ በሻንጣ ውስጥ አይግባ።

የሚሄዱበትን ቀን እንዲህ ባሰላው ደስ ይለኛል። ከኅዳር ጽዮን በኋላ ይነሡ። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል፤ ለአንዲት ጎንደሬ እናት ቁልቢን መሳለም ከሙቀቱ ይልቅ ለመንገድ የሚያስነሣ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ «ለጉልበትዎ ይሂዱ» ሲባሉ እንቢ ያሉት «ቁልቢን ይሳለሙ» ቢባሉ እሺ ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ቁልቢ ደጋ ነው፤ ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል የሚወጣው ዳገት መልሶ ብርድ ውስጥ ያስገባል፤ ሕዝቡም እጅግ ብዙ ነው። ጋቢያቸውን ይዘው፣ ከዋዜማው ቀደም ብለው ወይም በዓሉ ካለፈ በኋላ ቢሄዱ ይሻላል። ገናን ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይዋሉ። ከዚያ በኋላ ግን ይመለሱ፤ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ጎንደር ያልሆነች ጎንደሬ እናት ሙቀቱ ቢደላትም ልቧ አይደላትም።

እናትዎ ያልነገሯችሁ ሌላ ምክንያትም ሳይኖር አይቀርም። በእኛ አገር ወግ እናት በሴት ልጇ ባል ቤት ብዙ መሰንበት ያሳፍራታል፤ ልጇ ምንም ያህል ብትወተውት «አማቼን አስቸግራለሁ» ትላለች። ስለዚህ ግብዣው ከእኅትዎ ብቻ አይምጣ፤ የእኅትዎ ባል ራሱ ደውሎ «እማማ፣ ቤትዎ ነው፤ ይምጡልን» ይበላቸው። ባዶ እጃቸውንም አይሂዱ። በርበሬውንና ሽሮውን ራሳቸው ያዘጋጁ፤ ቅቤው በሙቀት እንዳይበላሽ በደንብ ይነጠር፤ ድርቆሽም ይጨምሩ። እዚያ ሲደርሱም እኅትዎ «አርፈው ይቀመጡ» ብላ ሥራ አትከልክላቸው፤ ጠዋት ቡናውን እርሳቸው ያፍሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን እርሳቸው ያጫውቱ። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ግን ፀሐይ ላይ አይውጡ።

የመመለሻው ትኬት ከመሄጃው ጋር አብሮ ይቆረጥ፤ ቀኑንም ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።