ከባሕር ወጥቶ ወዲያው ዳገት? የጠላቂዎች ጥያቄና መልስ

ስኩባ ዳይቪንግ (ከሲሊንደር አየር እየሳቡ ባሕር መጥለቅ) የጀመሩ አንባቢዎች ጥያቄያቸውን ልከውልኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስለ ሻርክ የጠየቀው ብዙ ነው። ስለ መመለሻው ጉዞ የጠየቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ጅቡቲ ለአራት ቀን ልንጠልቅ ነው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ቲኬት ቆርጠናል። አስተማሪው «አይሆንም» አለን። ጓደኛዬ ደግሞ «ችግሩ አውሮፕላኑ ከሆነ በመኪና እንመለሳለን» ይላል። ማን ነው ልክ? (ከአዲስ አበባ)

አስተማሪው። የጓደኛህ ሐሳብ ብልጠት ይመስላል እንጂ አያዋጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ የሚኖረው የአየር ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1,800 እና 2,400 ሜትር መካከል ካለ ከፍታ ጋር ይመሳሰላል። በመኪና መጣህ በአውሮፕላን፣ ለሰውነትህ ያው ነው። ባቡሩም የሚወጣው ያንኑ ዳገት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ውስጥ ስትተነፍስ ከአየሩ የሚገባው ናይትሮጅን በደምህና በሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ከወጣህ በኋላ በሳንባ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሳይወጣ ግፊቱ ከቀነሰበት አረፋ ይሠራል። ከዚያ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ሲብስም ሽባነት ይመጣል። ጠላቂዎች «ቤንድስ» የሚሉት ይህንን ነው።

የተለመደው መመሪያ ከአንድ ተራ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ከጠለቅህ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆይ ይላል። እናንተ ሁለተኛው ውስጥ ናችሁ። እኔ ብሆን ግን ሙሉ ቀን እተው ነበር። ቲኬቱን አራዝሙት። የመጨረሻውን ቀን ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አሳልፉት፤ በየመኖች አሠራር በምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ ብሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ አንዳችሁ ከላይ ያልኩት ምልክት ከታየበት «ድካም ነው፣ ተኝቼ ይለቀኛል» እንዳይል። ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙም ባሕር ጠልቆ እንደነበር መስማት አለበት። ካልተነገረው በምን ያውቃል?

የምሠራው ዱባይ ነው። በእረፍቴ ፉጃይራ ሄጄ እጠልቃለሁ። ሁሌ የእኔ አየር ቀድሞ ያልቃል፤ በእኔ ምክንያት ቡድኑ ሁሉ ይወጣል። አፈርኩ።

ምን ያሳፍራል? ሒሳቡን ተመልከቺው። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውኃው በላይ ካለው 3 እጥፍ ነው። ከላይ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍሺ ከሆነ እዚያ 60 ሊትር ትጨርሻለሽ። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ስትተዪ የቀረው ለ30 ደቂቃ ይበቃል። ተጨንቀሽ ትንፋሽሽ 30 ሊትር ከደረሰ ግን 20 ደቂቃ ብቻ ነው።

መፍትሔው ትንፋሽ መሰሰት አይደለም። እየያዙ መተንፈስ ራስ ምታት ያመጣል። ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ደግሞ ይገድላል፦ 10 ሜትር ላይ የተሳበ አየር ከላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባ ይቀደዳል።

እኔ የምጠረጥረው ለመስጠም ወገብሽ ላይ የምትታጠቂውን፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራውን ክብደት ነው። አብዛኛው ጀማሪ ከልክ በላይ ክብደት ይታጠቃል። ክብደቱን ለማካካስ አየር የሚሞላውን የመጥለቂያ ጃኬት ይነፋል፤ እግሩ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ከዚያ ሙሉ ዳይቩን ሲራገጥ ይውላል። አየሩን የሚበላው ያ ነው። መጨረሻ ላይ 50 ባር ሲቀርሽ ከላይ ሆነሽ ጃኬቱን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሺ። እንደወትሮው አየር ስበሽ ስትይዢው ውኃው ዓይንሽ ጋ ከደረሰ፣ ስታስወጪው ደግሞ ቀስ ብለሽ ከሰጠምሽ ልክ ነው። ካልሰጠምሽ ጨምሪ፤ አየር ይዘሽም ከሰጠምሽ ቀንሺ። ሲሊንደሩ ሙሉ ሳለ ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚከብድ መጀመሪያ ላይ መለካቱ ያሳስታል። ገንዳ ውስጥ የለካሽውም ለባሕር አይሆንም፤ ጨዋማ ውኃ ወደ ላይ ይገፋል።

ኤላት (እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር) ውስጥ ገና 3 ሜትር ሳልደርስ ጆሮዬን ይወጋኛል። ጉንፋንም አለብኝ። የአፍንጫ መክፈቻ መድኃኒት ወስጄ ልግባ?

አትግባ። መድኃኒቱ ከታች እያለህ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል፤ ያኔ ስትወጣ አየሩ ጆሮህ ውስጥ ይታፈናል። ሳቲል የሚባለው የሰመጠ የጦር ጀልባ ከ1994 ጀምሮ እዚያው ነው፤ ጉንፋኑ እስኪለቅህ የትም አይሄድም።

ሲሻልህ በእግርህ በኩል፣ ገመድ ይዘህ ውረድ። አፍንጫህን ይዘህ በለስላሳው ንፋ፤ ሳያምህ በፊት፣ በየሜትሩ። ካመመህ አንድ ሜትር ተመለስና ድገመው። በጉልበት የነፋ ሰው የጆሮውን ታምቡር ይቀዳል።

እየጾምኩ መጥለቅ እችላለሁ?

ከምግቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ በፀሐይ ጀልባ ላይ መዋልና መጥለቅ አብሮ አይሄድም። የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ለቤንድስ ያጋልጣል ተብሎ ይታሰባል። ጾምዎን አይሻሩ፤ ዳይቩን ያስተላልፉት።

ጅቡቲ ሻርክ አለ አሉ?

አለ። ሰዎች ለማየት የሚጎርፉለት ዌል ሻርክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። የሚበላው ፕላንክተንና ትናንሽ ዓሣ ነው። አትንካው፣ ከጭራው ራቅ በል። ይልቅ የጀልባውን ሞተር ፍራ።

አዲስ አበባ ሆኜ ልምዱ እንዳይጠፋኝ ቢሾፍቱ ሐይቅ ልግባ?

ብቻህን በፍጹም። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው፣ ለባሕር ወለል የተሠራ የዳይቪንግ ሰንጠረዥ እዚያ አይሠራም፤ ይህንኑ የሚያሰላልህ የመጥለቂያ ኮምፒውተርህም ለከፍታ የተስተካከለ መሆን አለበት። ስትመለስ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሌላ ዳገት አለ። በከፍታ ላይ መጥለቅን ከሚያውቅ አሠልጣኝ ጋር ካልሆነ ይቅርብህ።

ለልምምዱ ከሆነ የሆቴል ገንዳ ይበቃል፤ መሣሪያ የሚያስገባ ፈልግና አብሮህ የሚገባ ሰው ያዝ። ትንፋሽ ያለመያዝ ሕግ 2 ሜትር ገንዳ ውስጥም ሕግ ነው። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ በል፤ እጅህን አጣጥፍ፤ ሳትነካና ሳትንሳፈፍ በትንፋሽህ ብቻ 5 ደቂቃ ቆይ። እሱ ሲሆንልህ ማስክህን ውኃ አስገባበት። ላይኛውን ጠርዝ ግንባርህ ላይ ተጫን፣ ቀና በል፣ በአፍንጫህ አስወጣ። ውኃው እስኪወጣ ከቦታህ ካልተነቃነቅህ ሬጉሌተሩን (አየር የምትስብበትን የአፍ ዕቃ) ከአፍህ አውጥቶ መመለስ ቀጥል፤ ሬጉሌተሩ ከአፍህ ውጪ እያለ ግን ትንንሽ አረፋ እያወጣህ።