ለምን አሠልጥነን እናባርራለን?

ወንድሜ፣ አለቃህ "ሠራተኞቹን ካሠለጠንናቸው በኋላ ጥለውን ይሄዳሉ፣ ሥልጠናው ኪሳራ ነው" ይላል ብለሃል። እኔ ግን ችግሩ ደመወዙ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ያሉበትን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እይ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። እስቲ አስበው፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የኪራይ ድርሻዋን ከፍላ፣ ሽሮና ዘይት ገዝታ፣ ወሩ ሳይጋመስ እጇ ባዶ ይቀራል። ለቤተሰብ ምን ትላክ? ስፌት ላይ እጇ የሚፍታታው ወራት ቆይቶ ነው፤ ልክ ሲፍታታ ትለቃለች። በእሷ ቦታ ጀማሪ ይገባል። ኮሌታው ይጣመማል፣ ክር ይበጠሳል፣ የተሰፋው ሸሚዝ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ይሄ ሁሉ ወጪ ነው እኮ! የደመወዝ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ብቻ አይታይም።

የአሜሪካው መኪና አምራች ፎርድም ያው ችግር ነበረበት። በ1913 እ.ኤ.አ. 14 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ይዞ ለመቆየት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቀጠረ። በ1914 ክፍያውን በቀን 5 ዶላር ሲያደርገው የሚለቀው ሰው በጣም ቀነሰ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ ስለሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይናገራል፣ አንብበው። እስከዚያው ለአለቃህ ይህን ንገረው፦ ሥልጠናውን አታቁም፣ ግን እጇ የተፍታታውን ልጅ ከጀማሪዋ እኩል አትክፈላት። ከስድስት ወር በኋላ ጭማሪ እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ትወቅ።