ገደቡ ሲያልቅ ታብሌት ለሚያነሳው ልጅ

ልጅዎ በስልኩ የፈቀዱለት ጊዜ፣ ለምሳሌ 2 ሰዓት፣ ሲያልቅ ታብሌቱን አንሥቶ የሚቀጥለው፣ ፋሚሊ ሊንክ (ወላጅ የልጁን ስልክ የሚቆጣጠርበት የጎግል መተግበሪያ) ስለተበላሸ ሳይሆን የቀኑ ገደብ በእያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው ስለሚቆጠር ነው። በሁለቱም ላይ 2 ሰዓት ሞልተው ከሆነ በቀን 4 ሰዓት ፈቅደውለታል ማለት ነው። ስለዚህ ለስልኩ 1 ሰዓት ከ15፣ ለታብሌቱ 45 ደቂቃ አድርገው ያከፋፍሉት።

ታብሌቱ የተከፈተው በእርስዎ አካውንት ከሆነ ግን ገደቡ ጭራሽ አይሠራበትም። እንደዚያ ከሆነ፦

1. ፎቶና ሰነድዎን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው ታብሌቱን ሪሴት ያድርጉና በልጁ አካውንት ይክፈቱት።
2. በፋሚሊ ሊንክ የመሣሪያ ማስተካከያ ውስጥ ሌላ ተጠቃሚ መጨመርን ይከልክሉ።
3. የመኝታ ሰዓቱ በሁለቱም ላይ መሥራቱን ያረጋግጡ።

ልጁ የእርስዎንም ስልክ የሚከፍት ከሆነ፣ የመክፈቻ ቁጥሩን ከመለወጥ የተሻለ መላ የለም፤ ልጆች ጣት አይተው ቁጥር ይይዛሉ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ልጆች የሚያዩት ከሱቅ በሜሞሪ ካርድ የተጫነ ፊልም ነው፤ ፋሚሊ ሊንክ ደግሞ የቪዲዮ ማጫወቻውን ጊዜ ይገድባል እንጂ በሜሞሪው ውስጥ ያለውን ፋይል አያጣራም። የእህቴን ልጅ ሜሞሪ ስከፍት «ካርቱን» ከሚለው ፎልደር ሥር፣ አስጫኙ ያላዘዘው የአዋቂዎች ፊልም ተገልብጦ አግኝቻለሁ። ሜሞሪውን ለልጁ ከመስጠትዎ በፊት በኮምፒውተር ከፍተው እያንዳንዱን ፎልደር ይዩት፤ ቴሌግራም ላይ የሚላከውም በጎግል ማጣሪያ ስለማያልፍ በተመሳሳይ መንገድ መታየት አለበት።