የ1789ኙ የፈረንሳይ አቤቱታ መዝገቦች የማን ድምፅ ናቸው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የታሪክ ተማሪ ነኝ። በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ በየአጥቢያው ተጽፈው ለንጉሡ የቀረቡትን የአቤቱታ መዝገቦች የመመረቂያ ጽሑፌ ዋና ምንጭ ላደርጋቸው አስቤ ነበር። ጓደኛዬ ግን «አብዛኛው ገበሬ መጻፍ አይችልም ነበር፤ የጻፉት ጠበቆች ስለሆኑ የሕዝብ ድምፅ ሊባሉ አይችሉም» አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የጓደኛዎ ጥርጣሬ ተገቢ ነው፤ መደምደሚያቸው ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው አልፎ ሄዷል።

ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ግምጃ ቤታቸው በዕዳ ተጨናንቆ ከ1614 ወዲህ ያልተሰበሰበውን የሦስቱን መደቦች (የካህናት፣ የመኳንንትና የተራው ሕዝብ) ጠቅላላ ጉባኤ ለመጥራት ሲገደዱ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1789 ባወጡት ደንብ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዕድሜያቸው 25 ዓመት የሞላና ስማቸው በግብር መዝገብ የሰፈረ ወንዶች በየአጥቢያቸው ተሰብስበው ብሶታቸውን እንዲያጽፉና ተወካይ እንዲመርጡ አዘዙ። ስብሰባውን ብዙ ጊዜ የሚመራው የባላባቱ ዳኛ፣ ብዕሩን የሚይዘውም ውል አዋዋይ ወይም ጠበቃ ነበር። በዚያ ላይ ተዘጋጅተው የታተሙ የአቤቱታ ናሙናዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ስለነበር፣ የጎረቤት አጥቢያዎች መዝገቦች በአንዳንድ ቦታ ቃል በቃል ይመሳሰላሉ።

ሆኖም የተቀዳ ጽሑፍ ሁሉ ባዶ አይደለም። አንድ መንደር ከናሙናው የቱን አንቀጽ እንደተወና ከራሱ ምን እንደጨመረ ማየት ያስፈልጋል። የግብር እኩልነትን የመሰሉ አጠቃላይ ጥያቄዎች ካለቁ በኋላ ናሙና የማይፈጥራቸው ነገሮች ይመጣሉ፦ የተበላሸው ድልድይ፣ የተነጠቀው የጋራ ግጦሽ፣ የተዘራውን እህል የሚለቅሙት የባላባቱ እርግቦች። የጨው ግብር ጉዳይ በተለይ ብዙ ያስተምራል። በሰሜንና በመካከለኛው ፈረንሳይ ሰፊ ክፍል ቤተሰብ የተወሰነ መጠን ጨው በግድ ይገዛ ነበር፤ ዋጋውም ከዚህ ግብር ነፃ ከነበረው ከብረታኝ ግዛት ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የጨውን ምሬት ሲያነቡ መዝገቡ የየትኛው ግዛት እንደሆነ ማጣራት ይገባዎታል። እርግቦቹን ደግሞ ተራ ነገር አድርገው አይዩአቸው፤ የተወካዮቹ ጉባኤ የባላባቶችን ልዩ መብቶች ለመሻር ከወሰነበት ከኦገስት 4 ቀን 1789 ሌሊት በኋላ በወጣው ድንጋጌ የእርግብ ቤት ልዩ መብት በራሱ አንቀጽ ተሽሯል።

የጓደኛዎ ትችት ይበልጥ የሚሠራው ለሁለተኛው ደረጃ መዝገብ ነው። የአጥቢያዎቹ አቤቱታ ወደ አውራጃ ጉባኤ ተወስዶ ሲጠቃለል፣ በዚያ የበረቱት ጠበቆችና ሹማምንት ስለነበሩ ሕገ መንግሥትና የጉባኤው ሥልጣን ሰፊ ቦታ ያገኛሉ፤ ግጦሹና ድልድዩ ይከስማሉ። በቀላሉ ታትመው የሚገኙት በአብዛኛው እነዚህ ጥቅል መዝገቦች ናቸው። እኔ ብሆን አንድ አውራጃ ብቻ መርጬ ሁለቱን ጎን ለጎን አነብ ነበር፤ በመካከል የተሰረዘው ራሱ ማስረጃ ነውና።

ሴቶች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በእነዚህ ስብሰባዎች ድምፅ አልነበራቸውም፤ በግብር መዝገብ ያልሰፈረ ድሃም እንዲሁ። መዝገቦቹ ንጉሡን ስለማመስገናቸውም ይጠንቀቁ። ለንጉሥ በሚጻፍ አቤቱታ ምስጋና እንደሚቀድም የእኛም አገር አንባቢ አያጣውም። ይሁንና በ1793 የሆነውን፣ የንጉሡን በሞት መቀጣት፣ አስቀድመው እያሰቡ ምስጋናውን ሁሉ ማስመሰል ነው ማለትም ስሕተት ይመስለኛል፤ በ1789 መጀመሪያ ብዙ ገበሬዎች ንጉሡ በደላቸውን ቢሰሙ እንደሚያርሙላቸው ያምኑ ነበር።

በመጨረሻም ከአቤቱታው ጋር የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ይፈልጉ። የተገኙትን ሰዎች ስም ይዘረዝራል፤ በመዝገቡ ግርጌ የፈረሙት ግን መፈረም የሚችሉት ብቻ ናቸው። ሁለቱን ቢያስተያዩ ስንቱ ሰው በሌላ ሰው ብዕር እንደተናገረ ለዚያ መንደር በግምት ሳይሆን በቁጥር ያውቁታል።