የስድስት ወር ኮንትራት ልፈርም ወይስ ሆስፒታል ልጠብቅ?

ከድሬዳዋ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ዘንድሮ በነርስነት ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ላይ ነሽ። ገጠር ወጥቶ የሕፃናትን የምግብ እጥረት የሚያጠና ቡድን ለስድስት ወር ዳታ ኮሌክተር ይፈልጋል። እናትሽ ግን "የሆስፒታል ቅጥር ጠብቂ፣ በሰው ልጅ ላይ ሙከራ ውስጥ አትግቢ" ብለውሻል።

አቦ ግቢበት! እናትሽን ግን አስረጃቸው፤ እንደነገርሽኝ ከሆነ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት አይደለም፣ መለካትና መጠየቅ ነው። ሥራው ለአካባቢያችንም አዲስ አይደለም፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቀርሳ ወረዳ ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት ይመዘግባል።

ቀላል እንዳይመስልሽ ግን። የክንድ መለኪያዋን ጥብጣብ ታውቂያታለሽ፦ ግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መሃል፣ እጁ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ማለትም ጥብጣቧ ቀይ ላይ ካረፈች፣ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። እኔ ስጀምር አንዱ ልጅ አለቀሰብኝና ሹራቡን ሳላወልቅ ለክቼ 11.9 ጻፍኩ። ሱፐርቫይዘሬ በማግስቱ ሹራቡን አውልቆ ሲለካው 11.3 ሆነ! በእኔ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ወደ ሕክምና አይላክም ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከመለካቱ ይልቅ የሚከብደው ፈቃድ መጠየቁ ነው። እናትየው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ስላሳረፉ ብቻ ገብቷቸዋል ማለት አይደለም፤ "እምቢ ብል የጤና ጣቢያ አገልግሎት ያስቀሩብኛል" ብለው ፈርተው ሊሆን ይችላል። እንደማያስቀሩባቸው በደንብ ንገሪያቸው። በኋላ የተማሪዎች ጥናት ላይ ከገባሽ ደግሞ ወላጅ ፈቅዶም ልጁ ራሱ እሺ ማለት አለበት። ቋንቋሽንም አስቢበት፤ ቀፊራ ገበያ ዋጋ ለመከራከር የሚበቃ ኦሮምኛ ለዚህ አይበቃም።

ሲቪሽ ላይ በኋላ "ዳታ ኮሌክተር" ብለሽ ብቻ አትለፊው። ምን እንደለካሽ፣ የስንት ዓመት ልጆችን፣ በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቅሽ ጻፊ። የሆስፒታል ማስታወቂያ ሲወጣም ተመዝገቢ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከመፈረምሽ በፊት ስለ አበልና ትራንስፖርት ጠይቂ፣ አትፈሪ። የምርምር ስነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዳላቸውም ጠይቂ። ከዚያ "ጥብጣቡ ቀይ ላይ ያረፈ ልጅ ሳገኝ የት ነው የምልከው፣ መኪናውንስ ማን ይከፍላል?" በያቸው። እዚህ ላይ ከተንተባተቡ ሌላ ሥራ እንፈልጋለን፣ ጻፊልኝ።