መልስ፦ ቪትዝ ትራፊክ ላይ ሲቆም ይሞቃል፣ መንገድ ሲከፈት ይበርዳል

ወንድሜ፣ መኪናህ ስትቆም ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የሞተሩን ውሃ መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ፋን ነው፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሸፍንለታል። ሞተሩን አስነስተህ ኤሲ ክፈት፣ ፋኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን እይ፣ ከዚያ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን ማብሪያ) ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ ጋር አቀያይር። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሶኬቱን ነቅለህ ለፋኑ በቀጥታ 12 ቮልት ስጠው፤ አሁንም ዝም ካለ የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል።

ፋኑ ከዞረ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እለፍ። ብዙዎች ይንቁታል እንጂ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ብቻውን ያስፈላል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን እንዳትከፍተው፣ እባክህ! እስኪጠገን ድረስም የሙቀት ጌጁ ከፍ ሲል ቁምና አጥፋው፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በሙቀት ከተጣመመ ወጪው ሌላ ነው።