ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት

«ጋሼ፣ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ መሆን እፈልጋለሁ። ግን አክሰንት አለኝ። ይሳካልኝ ይሆን?»

እንዲህ ያለ መልእክት በየወሩ ይደርሰኛል። ከሚጽፉልኝ መካከል በልጅነታቸው ከአገር የወጡ አሉ። አገር ቤት ማይክ ጨብጠው የኖሩ፣ እዚህ መጥተው ግን ሌላ ሥራ የያዙም አሉ። እኔ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ዜና ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በጽሑፍ አዘጋጅነት ጀምሬ፣ ዘጋቢ ሆኜ፣ በመጨረሻ ዜና አቀረብኩ። እስካሁን ለየግላችሁ ስመልስ ነበር። ዛሬ የማውቀውን ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

አክሰንቱን ላስቀድም፤ እንቅልፍ የሚነሳችሁ እሱ ነውና። ተመልካች ጣቢያ የሚቀይረው የተባለው ሳይገባው ሲቀር ነው። ስለዚህ ልፋታችሁ ጥርት አድርጎ መናገር ላይ ይሁን። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንሰናከልበት ቦታ ይታወቃል። «ስትሪት» ማለት ሲገባን «እስትሪት» እንላለን። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍል ጫን ብሎ ሌላውን ያቀለዋል፤ እኛ ሁሉንም እኩል እንረግጠዋለን። ይኼ በልምምድ ይስተካከላል። በየቀኑ አንድ ገጽ ዜና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በስልካችሁ ቅዱት። የምታዳምጡት ግን በማግስቱ ይሁን፤ ያን ጊዜ ጆሯችሁ እንደ ባዕድ ይሰማል። አቅሙ ካላችሁ ከንግግር አሠልጣኝ ጋር ጥቂት ወራት ሥሩ። የሌላ ሰው ድምፅ መኮረጅ ግን ተዉ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በሰው ድምፅ ሳነብ አባከንኩት። የዚያን ጊዜውን ቅጂ ስሰማ አዝናለሁ። ሐሳቤ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ ዜናው ውስጥ አልነበርኩም።

ከአክሰንት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቻችሁ የምትመኙት የዜና አቅራቢውን ወንበር ነው። የፒተር ጄኒንግስን ታሪክ ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው።

ጄኒንግስ ካናዳዊ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ አልጨረሰም። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 የምሽት ዜናውን ሲሰጠው ገና 26 ዓመቱ ነው። መልከ መልካም፣ ድምፁም ያማረ። አሜሪካውያን ግን አልተቀበሉትም። እነሱ «ሉተናንት» የሚሉትን የመቶ አለቃ ማዕረግ እሱ እንደ አገሩ «ሌፍተናንት» ይለው ነበር። እንዲህ ያለውን ይቅር ይሉት ይሆናል። ብዙ ያላየ ልጅ መሆኑ ግን ከስክሪኑ ላይ ይነበብ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወንበሩን ለቀቀ።

ከዚያ ዘጋቢ ሆነ። ቤይሩት ሄዶ የጣቢያውን ቢሮ ከፈተ። መካከለኛው ምሥራቅን ዓመታት ፈጅቶ አወቀው። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የእስራኤል ስፖርተኞች ሲታገቱ እዚያው ነበር። አጋቾቹ እነማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ለተመልካቹ ሊያብራራ የቻለው ቤይሩት ስለኖረ ነው። በ1983 የምሽቱ ዜና ብቸኛ አቅራቢ ሆነ፤ እስከ 2005 ድረስ ቆየበት። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደው እንኳ በ2003 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአሜሪካውያን ዜናቸውን ሲነግራቸው የኖረው የውጭ አገር ሰው ሆኖ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ይኼ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

እናም ወንበሩን ጠብቁት እንጂ አትሩጡበት። ዘጋቢ ሁኑ። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ገበያ በተመልካች ብዛት በተደረደሩ 210 አካባቢዎች የተከፈለ ነው። ጀማሪ የሚቀጠረው ከዝርዝሩ ወደ ታች ባሉት ትንንሽ ከተሞች ነው። ዘመድ ወዳለበት ትልቅ ከተማ ተጣብቃችሁ ዕድል አትጠብቁ። ትንሿ ከተማ ብቸኛ ታደርጋለች፤ አልዋሻችሁም። ሐበሻ የሌለበት ቦታ ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። ነገር ግን ሥራውን ያወቅኩት እዚያ ነው። ካሜራውን ራሳችሁ ትሸከማላችሁ፤ ራሳችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ኤዲት ታደርጋላችሁ፣ ማታ በቀጥታ ስርጭት ትቀርባላችሁ። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ፣ ፍርድ ቤት፣ የእሳት አደጋ፣ ሁሉም ትምህርት ቤታችሁ ነው።

«ዜና አንባቢ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ማንበቡ ከቀኑ ሥራ ትንሹ ነው። ስቱዲዮ ስትገቡ ስርጭቱን የሚመራው ፕሮዲዩሰር በጆሯችሁ ውስጥ ያወራል፤ እናንተ ደግሞ እያወራችሁ ነው። «ሠላሳ ሰከንድ ቀረሽ»፣ «ያንን ዝለለው»፣ «እንግዳው መስመር ላይ የለም» ይላችኋል። ፊታችሁ ግን ምንም እንዳልሰማ መሆን አለበት። ሰበር ዜና ሲመጣ የሚነበብ ነገር የለም። የምታውቁትን፣ የማታውቁትን፣ ያልተረጋገጠውን ለይታችሁ በራሳችሁ ቃል ትናገራላችሁ። ዘጋቢ ያልነበረ ሰው የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ማታ ቴሌፕሮምፕተሩ፣ ማለትም የምናነበውን ጽሑፍ ካሜራው ፊት የሚያሳየን መሣሪያ፣ በቀጥታ ስርጭት መሃል ቀጥ አለ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ ግን እያነበብኩ አብሬ አልገለጥኩትም። ገጹን ስፈልግ ያለፉት ሰከንዶች አሁንም ድረስ ይታወሱኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ገጽ አብሬ ገልጫለሁ፤ ጽሑፉንም ከስርጭቱ በፊት ድምፄን አውጥቼ ሳላነብ ቀርቤ አላውቅም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

በአማርኛ ለምታቀርቡ ይኼ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ዋና» የባሕሩ ነው የበላዩ? «አለ» ሲባል ሰውየው ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ስክሪፕታችሁ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ከባዕድ ቋንቋ ስትተረጉሙ ሰዓቱንና ዓመቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሊባል የሚገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተብሎ ሲነበብ ሰምቻለሁ።

ስማችሁን አትለውጡ። ማክስ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ቨርጂኒያ ውስጥ ዜና ሲያነብ ፊቱ እንዳይታይ የጣቢያው አርማ ይጋረድበት ነበር። አንድ ማታ መጋረጃውን አስነሳው፤ በማግስቱ ተባረረ። በ1978 የኤቢሲ የምሽት ዜና ከሦስቱ አቅራቢዎች አንዱ ሆነ፤ ሌላው ጄኒንግስ ነበር። እሱ ፊቱን ካልደበቀ፣ እናንተም ስማችሁን አትደብቁ። የእናንተን ስም መጥራት ለባልደረቦቻችሁ ቢከብድ፣ እንዴት እንደሚጠራ ጽፋችሁ ስጧቸው። በሳምንት ይለምዱታል።

ስለ ገንዘቡና ስለ ሰዓቱ በግልጽ እንነጋገር። የጀማሪ ደመወዝ ትንሽ ነው። አገር ቤት የምትረዱት ቤተሰብ ካለ፣ ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ እነሱም ይወቁት። ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ እዚያው ከተማ ለተፎካካሪ ጣቢያ እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። የሚያውቅ ጠበቃ ያንብብላችሁ። የጧት ዜና ከደረሳችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትነሳላችሁ። በዓል ሲሆን ተረኛ የሚሆነው አዲሱ ሠራተኛ ነው። «ነርስ ብትሆኚ ይሻል ነበር» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ሥጋታቸውን አክብሩላቸው፣ ሥራችሁን አሳዩአቸው።

በጣም የሚከብደው ግን የራሳችን ሰው ነው። አገራችን ውስጥ ችግር ሲነሳ ስልካችሁ አያርፍም። ሁሉም የእሱን ወገን ዜና እንድታወሩለት ይፈልጋል። ካላወራችሁ ከዳችሁ ትባላላችሁ። እኔ ይኼ ደርሶብኛል፤ ከሥጋ ዘመዶቼ ጋር ሳንነጋገር የቆየንበት ጊዜ ነበር። ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ዘመዴ ያለበትን ጉዳይ ለአርታኢዬ አስቀድሜ ነግሬ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ጠየቅሁ። ሰልፍ አልወጣሁም። በፌስቡክ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ለሚደውሉልኝ ደግሞ ማስረጃ ያለው ነገር ካላቸው ለዜና ክፍሉ እንዲልኩ አድራሻውን ሰጠሁ። ሁለቱ ልከው ነበር፤ አንድ ዘመዴ የላከው ተጣርቶ ተላለፈ። ያ ዘመድ ዛሬም ይደውልልኛል።

ለመጀመር ለቀጣሪ የምትልኩት የቪዲዮ የሥራ ናሙና ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። ጥሩውን መጀመሪያ አድርጉት፤ ቀጣሪው የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ወንበር ላይ ሆናችሁ ስታነቡ ከሚያሳየው ይልቅ ሜዳ ላይ ሰው ስትጠይቁ የሚያሳየው ይቅደም። አረንጓዴ ልብስ አትልበሱ፤ ከበስተጀርባ በኮምፒውተር የሚገባው ምስል ልብሳችሁን ይበላዋል። ቀጫጭን መስመር ያለውም ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል። ስታዘጋጁ ላኩልኝ። አያለሁ፤ ያየሁትንም ሳልሸፋፍን እጽፍላችኋለሁ።